በውሃ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና፦ ማክሰኞ ቤታችን የደረሰው

የአዘዞዋ እናት | ጥር 7፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ጎኔ ተኝታለች፤ ትንፋሿን እያዳመጥሁ ነው የምጽፈው።

ጥምቀት ሲቃረብ የጎንደር ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ አለ፤ ወለሉ ይታጠባል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ነጠላውና ቀሚሱ ይነጣል። እኔም ማክሰኞ ጠዋት ባዶ ሃይላንድ ይዤ ሄጄ አንድ ሊትር በረኪና አስቀዳሁ፤ ሁላችንም እንደምናደርገው። ጠርሙሱ ላይ የውሃው ወረቀት ከነሥዕሉ አለ፤ ክዳኑም ያው ሰማያዊው ክዳን ነው። ልብሱን ዘፍዝፌ የተረፈውን፣ አራት ጣት የሚሆነውን፣ ከበርሜሉ ጎን መሬት ላይ አኖርሁት። ውሃ በሰፈራችን በፈረቃ ስለሚመጣ እዚያው በርሜል ጎን የመጠጥ ውሃ የሞላሁባቸው ሰባት ስምንት ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ልጄ ሦስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ሲጠማት ራሷ ሄዳ ታነሳለች፤ ጎበዝ እያልን ያስለመድናት እኛው ነን።

መጀመሪያ የሰማሁት ሳሏን ነው። ስደርስ ጠርሙሱ ተጋድሞ ይፈሳል፤ የቀሚሷ ደረት ርሷል፤ ምላሷን አውጥታ በመዳፏ ታብሳለች። ለሃጯ እስከ አገጯ ይወርዳል። ሳነሳት ሽታው ከአፏ መጣ።

ያን ጊዜ ግቢው በሰው ተሞላ። አንዷ ጎረቤቴ ጣትሽን ከትተሽ አስመልሻት አለችኝ። ሌላዋ ጨው በውሃ በጥብጣ ደረሰች። እናቴ «ወተት! ወተት!» ትላለች። ከበር ላይ ደግሞ አንድ ሰው ሎሚ ያረክሰዋል አለ። ጣቴን ወደ አፏ ስሰድ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር የጤና ተማሪ እጄን ያዘችኝ። «ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣም ያቃጥላታል፤ ተዪ» አለችኝ። ከዚያ የረጠበውን ቀሚስ አወለቀችላት፣ አፏን በንጹሕ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠራረገች፣ ደረቷን በብዙ ውሃ አጠበች፣ ጠርሙሱን ከነቀሪው በፌስታል ጠቀለለች፤ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል በረርን።

ሌሊቱን አስተኝተው ተከታተሏት። የከንፈሯ ውስጥ ቀላ እንጂ አልተላጠም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወጣን፤ ማታ ለስለስ ያለ ገንፎ ቀምሳለች።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ ከዚህ በኋላ ምን ምልክት ልጠባበቅ? እናቴ እስካሁን «ወተት ነበር» እያለች ታዝናለች፤ ምን ልበላት? እናንተስ በረኪናችሁን በምን ታስቀምጣላችሁ? እኔ ዛሬ ያንን ረድፍ ጠርሙስ ሳየው የትኛው ውሃ፣ የትኛው ሌላ እንደሆነ ለራሴም ሊለይልኝ አልቻለም።

---

ነርስ ከማራኪ | ጥር 7፣ ከምሽቱ 4፡05

እንኳን እግዚአብሔር ማራት እህቴ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ያቺን ተማሪ አመስግኛት። በረኪናም ሆነ አሲድ ወይም ኮስቲክ ሶዳ የነካውን ሥጋ የሚያቃጥል ነገር ነው። ልጅ ሲያስመልስ ያው ፈሳሽ በዚያው በቆሰለው መንገድ ተመልሶ ይመጣል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ በመሃል ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ መቻሉ ነው። የጨው ውሃው ሌላ አደጋ ነበር። ብዙ ጨው የጠጣ ሕፃን በደሙ ያለው የጨው መጠን ይንራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንጎሉ ይጎዳል፤ ሊሞትም ይችላል። በረኪናውን ተርፎ በጨው መጎዳት አለ።

አሁን የምትጠባበቂያቸው እነዚህ ናቸው። ምራቋን መዋጥ አቅቷት ለሃጯ መዝረብረብ ከጀመረ፣ ድምፅዋ ከጎረነነ፣ ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ከሰማሽ፣ ደረቴን ወይም ሆዴን ብላ ካለቀሰች፣ ትውከቷ ደም ከቀላቀለ፣ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ወይም እየራባት ምግብ ከሸሸች፤ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ተመለሺ። አፏ ውስጥ ቁስል አለመኖሩ ብቻ አያዝናናሽ። አፍ ደኅና ሆኖ የምግብ ቧንቧ የተቃጠለበት ሕፃን አለ።

ፋብሪካ ያዘጋጀው የቤት በረኪና አንድ ጉንጭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አፍና ሆድን አስቆጥቶ፣ አንድ ሁለቴ አስመልሶ ያልፋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ በጀሪካን መጥቶ፣ ሱቅ ውስጥ ተበርዞ፣ በሃይላንድ የሚቀዳው ነው። ጥንካሬውን ሻጩም ገዢውም አያውቀውም። ጠርሙሱን ይዛችሁ መሄዳችሁ ለዚህ ነው የጠቀመው። ብዙ ወላጅ ከድንጋጤ የተነሣ ደፍቶት፣ ጠርሙሱን አጥቦ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ምን ነበር፣ ስንት ጠጣ፣ በስንት ሰዓት ብለን እንጠይቃለን፤ መልስ የለም።

---

አያትና የልጅ ልጅ (ቁስቋም) | ጥር 7፣ ከምሽቱ 4፡30

የሚናገሩት አያቴ ናቸው፤ እኔ እጽፍላቸዋለሁ። «ልጄ፣ እናትሽን አታስከፊያት። እኛ ወተት ሰጥተን ስንቱን አድነናል። ሐኪም ቤት ባልነበረበት ጊዜ ምን ነበረን? ነርሷ ወተት ክፉ ነው የምትል ከሆነ ምክንያቱን ትንገረኝ፤ እሰማለሁ።»

---

ነርስ ከማራኪ | ጥር 7፣ ከምሽቱ 4፡50

እማማ፣ ስለ ጠየቁኝ ደስ ብሎኛል። ወተት ክፉ አይደለም፤ ግን መርዝ አያረክስም። ልጁ ነቅቶ ካለ፣ ሳይቸገር የሚውጥ ከሆነና ትንፋሹ ደኅና ከሆነ አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃ ወይም ወተት ቢቀምስ አፉና ጉሮሮው ላይ የቀረውን ያጥብለታል። እርስዎ ያዳኗቸውም እንዲህ ያሉት ይሆናሉ። ክፉው በብርጭቆ መጋቱ ነው፤ ሆድ ሲሞላ ያስመልሳል። ለሃጩ ለሚዝረበረብ፣ ለሚያንቀላፋ፣ ትንፋሽ ላጠረው ልጅ ግን ወተትም ሆነ ውሃ፣ ተልባም ሆነ እንቁላል በአፉ አይገባም፤ ወደ ሳንባው ይሄድበታል። ከሁሉ በላይ ወተት ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞሩ የሚባክነው ጊዜ ያሳዝነኛል። ያ ጊዜ የመንገድ ጊዜ ነበር።

---

አያትና የልጅ ልጅ (ቁስቋም) | ጥር 7፣ ከምሽቱ 5፡00

«ገብቶኛል። መጋት አይደለም፤ ማቅመስ ነው። እሱም ለሚውጥ ልጅ ብቻ። ለእናትሽም እንዲሁ ንገሪያት፤ ጥፋት አልሠራችም።»

---

ደምቢያዬ | ጥር 8፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ ስለ ልጅ ሳይሆን ስለ ሠራተኛ ልናገር። ሁላችሁም ስለምትጠጣው ሕፃን አነሣችሁ፤ የምታጸዳዋን ማንም አላነሣም።

ከደምቢያ ጎንደር ስገባ ፊደል አልቆጠርሁም ነበር። የመጀመሪያዋ እትዬ ሽንት ቤቱን ነጭ አድርጊልኝ ብለው ሁለት ጠርሙስ ሰጡኝ። አንዱ በረኪና ነው፤ ሌላው ላዩ ላይ የውጭ አገር ጽሑፍ ያለበት የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ። ማን ምን እንደሆነ ያስረዳኝ የለም። እኔ የማውቀው ሽታው የበረታ ነገር ይበልጥ ያጸዳል የሚል ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ደፋሁ።

ሽንት ቤቱ ከመዳፍ የማይበልጥ ቀዳዳ እንጂ መስኮት አልነበረውም። ቁጢጥ ብዬ እየፈገፈግሁ ሳለሁ ፈሳሹ ፍልቅልቅ ማለት ጀመረ፤ ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው ጭስ ከጉድጓዱ አፍ ተነሣ። በርበሬ የተቆላበት ቤት ውስጥ በሩ ተዘግቶብኝ ያለሁ ነው የመሰለኝ። ዐይኔ ተጨፈነ፤ አየር ልስብ ብል ደረቴ እምቢ አለ። መቀርቀሪያውን በዳበሳ አግኝቼ ደጃፉ ላይ ወደቅሁ። እትዬ «ውሃ ጠጪበት፣ ያልፍልሻል» አሉኝ። ሌሊቱን ሁሉ ሳልሁ። ጠዋት ደረቴ ውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ነበር። ሐኪም አላየኝም፤ ደመወዜ ይቆረጣል ብዬ ፈራሁ።

አሁን ማታ ማታ እየተማርሁ ሰባተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ይህን የጻፍሁትም በራሴ እጅ ነው። ሠራተኛ የቀጠራችሁ ሁሉ፣ ዕቃውን ስትሰጧት ጽሑፉን አንብቡላት። «ይህንና ይህን አታገናኚ» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

---

የኬሚስትሪ መምህር | ጥር 8፣ ከጠዋቱ 2፡40

ደምቢያዬ፣ አንቺ ያየሽው ክሎሪን ጋዝ ነው። ቀለሙን እንደዚያ አጥርቶ የገለጸልኝ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የበረኪና ዋናው ነገር ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል። የፋብሪካው የቤት በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ለነጋዴ በጀሪካን የሚመጣው ግን 12 በመቶና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። አሲድ ሲነካው ክሎሪን ይለቃል። በ1915 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም ኢፕር የጦር ሜዳ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። ከአየር ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ቁጢጥ ያለች ሠራተኛና የሚድህ ሕፃን ከቆመ ሰው ይልቅ ይተነፍሱታል።

አሲድ ሲባል የሽንት ቤቱ ብቻ አይደለም። ሎሚም አሲድ ነው፣ አቸቶም አሲድ ነው። ሎሚ ጨምቆ በረኪና ላይ የሚያደርግ ሰው ሠፈሬ ውስጥ አይቻለሁ፤ ነጭ ያደርጋል ይላሉ። «ሎሚ ያረክሰዋል» የተባለው ምክርም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ሎሚው ሆድ ውስጥ ጋዝ ይፈጥራል፤ ከጠንካራ ኮስቲክ ጋር ከሆነ ደግሞ ሙቀት ስለሚያወጣ በቃጠሎ ላይ ቃጠሎ ይጨምራል።

ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋርም በረኪና አይስማማም፤ ክሎራሚን የሚባል ሌላ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ሽንት ቤት አስቀድሞ በብዙ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ በሩ ተከፍቶ በረኪናው ብቻውን ይደረጋል። የሚበረዘውም በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ ሽታውን ያበረታዋል፤ የማጽዳት ኃይሉን ግን ያዳክመዋል።

---

ነርስ ከማራኪ | ጥር 8፣ ከጠዋቱ 3፡00

በመምህሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጋዝ የሳበ ሰው መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ውሃ መጠጣት ሳንባን አያጥብም። የሳንባው እብጠት ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል አሁን ተሻለኝ ያለ ሰው ሌሊት ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። አስም ያለበት ደግሞ ቀን ሳይቆጥር ይታይ። ለማዳን የሚገባ ሰውም መጀመሪያ በርና መስኮቱን ይክፈት፤ አንዱን ለማውጣት ገብተው ሁለት ሆነው የወደቁ አሉ።

---

በረኪና ሻጭ፣ ቅዳሜ ገበያ | ጥር 8፣ ከቀኑ 6፡30

ከትናንት ጀምሮ ሳነብ ነበር፤ ዝም ልል ነበር፤ አልቻልሁም። በሃይላንድ የምቀዳው እኔ ነኝ። እህቴ የገዛችው ከእኔ ባይሆንም ከእኔ ሊሆን ይችል ነበር።

ደንበኛ የሚመጣው ባዶ ጠርሙስ ይዞ ነው። የፋብሪካውን ከነዕቃው መግዛት ለብዙ ሰው ይከብደዋል። እምቢ ብል ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ ይቀዳለታል፤ እኔ ደንበኛ አጣለሁ፣ ልጁ ግን አይድንም። ነርሷ ያለችው እውነት ነው፤ የምበርዘው በግምት ነው፣ አንዳንድ ቀን ይበረታል፣ አንዳንድ ቀን ይሳሳል።

እኔም ተጎድቻለሁ። ባለፈው ክረምት ከጀሪካን ስገለብጥ ቀኝ ዐይኔ ውስጥ ገባ። ጎረቤቴ ቡና የሚያፈላ ሰው ነው፤ አጋድሞኝ የዐይኔን ቆብ በሁለት ጣቱ ገልጦ፣ ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ በጆግ እየቀነሰ ቀስ አድርጎ አፈሰሰብኝ። በቃኝ ብለው አልተወኝም። ሐኪሙ ያዳነህ ያ ውሃ ነው አለኝ።

አሁን ምን ላድርግ? ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

---

ነርስ ከማራኪ | ጥር 8፣ ከቀኑ 7፡10

ጎረቤትህ ይባረክ። ዐይን ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይታጠባል፤ ወደ ተጎዳው ዐይን አዘንብሎ ነው፣ ውሃው ወደ ደኅናው እንዳይሻገር። በጠብታ መድኃኒት ወይም በወተት አይደለም፤ በንጹሕ ውሃ ነው።

ለጠየቅኸው፣ ወንድሜ፦ ቢያንስ የውሃውን ወረቀት ሳትልጥ አትቅዳ። የሚጠጣ ነገር ሥዕል ያለበት ጠርሙስ ላይ ምንም ብትጽፍ ልጅ አያነብም።

---

የሁለት ልጆች አባት | ጥር 8፣ ከምሽቱ 2፡15

ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም።

ባለቤቴ ከሰፈር ሴቶች ጋር ፈሳሽ ሳሙና እየሠራች ትሸጥ ነበር። ሰልፎኒክ አሲዱና ኮስቲክ ሶዳው ጓዳ ይቀመጣል። ኮስቲኩ ነጭ ቅርፍት ነው፤ የተመዘነው ጥቂት በስኒ ተቀምጦ ነበር። ልጄ የሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ስኳር መስሎት ጣቱን ነክሮ ላሰ። ጩኸቱን ስንሰማ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ እንደ ሳሙና ያዳልጥ ነበር።

ሆስፒታል ሄደ፣ ተኛ፣ ዳነ ተብሎ ወጣ። ወተትና ሾርባ ይጠጣል፤ ደስ አለን። በአምስተኛው ሳምንት ፍርፍር ስናጎርሰው አነቀው። ሌላ ቀን ደግሞ አነቀው። አያቱ ጥጋብ ነው አለች፤ እኔ ጠባዩ ነው አልሁ። አንድ ጠዋት ውሃ ራሱ ተመለሰ። የምግብ ቧንቧው ቁስሉ ሲጠግግ ጠብቦ ኖሯል። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ የሚያሰፉት ሕክምና አለ፤ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን መቁጠር ትቻለሁ። አሁን ስድስት ዓመቱ ነው። እንጀራ ይበላል፤ ግን እያንዳንዷን ጉርሻ ረጅም ጊዜ ያኝካታል፤ ወንድሙ በልቶ ሲነሣ እሱ ገና መጀመሪያው ላይ ነው።

የአዘዞዋ እናት፣ የአንቺዋ ልጅ የጠጣችው በረኪና ነውና የእኔ ልጅ ላይ የደረሰው አይደርስባትም ብዬ አምናለሁ። ግን ከሦስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ድረስ አበላሏን ተመልከቺ። የሚያንቃት ነገር ካለ ለሐኪሙ ያን ዕለት ምን እንደጠጣች ንገሪው። እኛ ሁለቱን ነገር አላያያዝናቸውም ነበር።

ሳሙና የምትሠሩ ደግሞ፣ ኮስቲኩ ውሃው ላይ ቀስ እያለ ይጨመራል እንጂ ውሃ ኮስቲኩ ላይ አይፈስስም፤ ይፈላል፣ ይፈናጠራል። ስኒ፣ ብርጭቆና ማንኪያ ለዚያ ሥራ አትዋሱ።

---

ከጠዳ | ጥር 9፣ ከጠዋቱ 1፡50

መብራት ሲጠፋ ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ እናስቀምጣለን። ልጅ ቢጠጣው እንደ በረኪናው ነው? አንድ ሰው የተፈጨ ከሰል ስጡ ብሎኛል።

---

ነርስ ከማራኪ | ጥር 9፣ ከጠዋቱ 2፡20

ላምባ ሆድን ሳይሆን ሳንባን ነው የሚያጠቃው። ቀጭን ስለሆነ ትን ሲል በቀላሉ ወደ ሳንባ ይሰርጋል። ከጠጣ በኋላ ካሳለ፣ ትን ካለው ወይም ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ገብቷል ማለት ነው። ማስመለስ ፈጽሞ አይገባም። ከሰል ላምባንም ሆነ የሚያቃጥሉ ፈሳሾችን አይዝም፤ ይልቁንም ያስመልሳል። ደኅና የሚመስል ልጅም ቢያንስ ስድስት ሰዓት በሐኪም ዐይን ሥር ይቆይ። ላምባ የነካው ልብስ ይውለቅ፣ ቆዳው በሳሙና ይታጠብ።

---

የአዘዞዋ እናት | ጥር 14፣ ከምሽቱ 1፡30

ጥምቀትን በሰላም አሳለፍን። ልጄን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ታቦት ሸኘን። በደንብ ትበላለች፤ ለማንኛውም ያ አባት የነገረኝን ሁለት ወር ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ አስምሬበታለሁ።

ቤት ውስጥ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የመጠጥ ውሃውን ሁሉ ወደ ክዳን ባለው ባልዲ ገለበጥሁ፤ ባዶ ሃይላንዶቹን አውጥቼ ሰጠሁ። በረኪናው ተጭኖ ካልተጠመዘዘ የማይከፈት ክዳን ባለው የፋብሪካ ዕቃው ተገዛ፤ ከአሲዱ ተለይቶ ከቁም ሣጥኑ በላይ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ተቀመጠ። ስዘፈዝፍ ባልዲው ጎን ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ስልክ ቢጠራ አላነሣም። ልጄ የጠጣችው እኔ ስልክ ላነሣ በገባሁበት ጊዜ ነበርና።

እናቴ የእማማን ቃል ሳነብላት አለቀሰች። በማግስቱ ቀይ ክር አውጥታ ኦሞውም፣ የአይጥ መርዙም፣ የፀጉር ቀለሙም ላይ ሳይቀር አሰረች። ልጄ አሁን ቀይ ክር ስታይ እጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች።

---

በረኪና ሻጭ፣ ቅዳሜ ገበያ | ጥር 14፣ ከምሽቱ 2፡10

ደስ አለኝ እህቴ፤ እግዚአብሔር ያሳድጋት።

እኔም ከግራና ከቀኝ ካሉት ሁለት ሱቆች ጋር ተነጋገርን። ብቻዬን እምቢ ማለት አልቻልሁም ነበር፤ ሦስታችን ግን ከሰኞ ጀምሮ በሃይላንድም በለስላሳ ጠርሙስም መቅዳት አቁመናል። እጀታ ያለው ወፍራም ነጭ ጀሪካን አስመጥተናል፤ በአማርኛ በትልቁ «በረኪና፣ አይጠጣም፣ ከአሲድ ጋር አይቀላቀልም» ብለን በቀለም ጽፈንበታል። ደንበኛው አንድ ጊዜ ይገዛዋል፤ ከዚያ በኋላ እሱን ይዞ ይመላለሳል። መበረዣውንም በመለኪያ አድርጌዋለሁ። ትናንት አንዲት ሴትዮ ተቆጥተውኝ ሄዱ፤ ዛሬ ተመልሰው መጡ።

ደምቢያዬ፣ ማንበብ ለማይችሉት የሚሆን ሥዕል ብትነግሪን እሱንም እናስልበታለን።

---

ደምቢያዬ | ጥር 14፣ ከምሽቱ 4፡00

የራስ ቅል አትሳሉ፤ እኔ ያን ጊዜ ባየው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሁለት ጠርሙስ ሳሉና በመካከላቸው ትልቅ ኤክስ አድርጉ። ከታች ደግሞ አፉን በእጁ የሸፈነ ሕፃን ሳሉ።

---

በረኪና ሻጭ፣ ቅዳሜ ገበያ | ጥር 14፣ ከምሽቱ 4፡15

እሺ። የሰሌዳ ጸሐፊው ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይመጣል፤ የሥዕሉን ፎቶ ማታ እለጥፋለሁ።